የእርጥብ ሆፕ ቢራ ሰሞን

በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ቢራ አለ። የሆፕ አዝመራ ሲሰበሰብ፣ አበባው ሳይደርቅ፣ ከማሳ እንደወጣ ተጭኖ በቀጥታ ወደ መጥመቂያው የሚገባበት ኤል (ሞቅ ባለ ሙቀት የሚብላላ የቢራ ዓይነት) ነው። እኔ ከየትኛውም ቢራ አስበልጬ የምጠብቀው ይህን ነው። የዘንድሮውን ቀምሻለሁ፤ ጣዕሙ ከአፌ ሳይጠፋ የተሰማኝን ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ሆፕ ትንሽ ልበል፣ ያለዚያ ጣዕሙን ማስረዳት ይቸግረኛል። ሆፕ ሐረግ ነው። በተወጠረ ገመድ ላይ እየተጠመጠመ ከአምስት ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ለቢራ የሚፈለገው አበባው ነው፤ አረንጓዴ፣ ቅጠል በቅጠል የተደራረበ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጥ። አንዱን መሃል ለመሃል ሰንጥቃችሁ ብታዩት ከቅጠሎቹ ሥር ደማቅ ቢጫ ብናኝ ታገኛላችሁ። ይጣበቃል። በጣታችሁ ካሻችሁት ሽታው በቀላሉ አይለቅም። ሉፑሊን ይባላል፤ የቢራው ምሬትም መዓዛውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሆፕ ታዲያ ከተቆረጠ በኋላ ፋታ አይሰጥም። ሲቆረጥ ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ተከምሮ ካደረ ከውስጥ ይሞቃል፣ ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው ወዲያው ሞቅ ያለ አየር እየለቀቀበት፣ ውሃው 10 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ያደርቀውና ጨምቆ ያሽገዋል። ዓመቱን ሙሉ የምንጠጣው ቢራ የሚጠመቀው በዚህ በደረቀው ነው፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ተፈጭቶ እንደ እንክብል በተጨመቀው። በዚህ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ያለ ደረቅ ሆፕ በጥርም በሰኔም ቢራ አይኖርም ነበር። ግን ማድረቁ ይዞት የሚሄድ ነገር አለ። ቶሎ የሚተኑት ዘይቶች በሙቀቱ ይቀንሳሉ፤ ከሆፕ ዘይት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሚርሲን አንዱ ነው። አዲስ የታጨደ ሣር የሚሸቱት ንጥረ ነገሮችም አብረው ይሄዳሉ። የእርጥብ ሆፕ ቢራ የሚያስቀርልን እነዚህን ነው።

ለማስቀረት ደግሞ ሩጫ ያስፈልጋል። ጠማቂዎቹ ለራሳቸው የሚሰጡት ጊዜ ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ነው፤ ሐረጉ ከተቆረጠበት እስከ መጥመቂያው ድረስ ማለት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል አዝመራው የሚሰበሰበው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ማብቂያ ነው። በዚያ ጊዜ ጠማቂው ቀኑን አይመርጥም፣ ገበሬው «ዛሬ ደርሷል» ሲለው ብቅሉን ፈጭቶ፣ ውሃውን አሙቆ፣ መኪናው እስኪመጣ ይጠብቃል። ሆፑ ውሃ ያዘለ ስለሆነ መጠኑም ብዙ ነው፤ ደረቁ አንድ ኪሎ በሚበቃበት ቦታ እርጥቡ አምስት ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገባል። ያ ሁሉ ውሃ የብቅሉን ጭማቂ ያቀጥነዋል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ወፈር አድርገው መነሳት አለባቸው። ምሬቱንም ቀድሞ መለካት አይቻልም። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሆፑ አይጠብቅምና። ብዙዎቹ ለምሬቱ የሚታወቅ ደረቅ ሆፕ መጀመሪያ ላይ ይጨምሩና እርጥቡን መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ሲጠፋ ወይም ሊጠፋ ሲል ይገለብጡታል።

ሐሳቡ በዚህ መልኩ ወደ ገበያ የገባው ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ዋድዎርዝ የተባለው ጠማቂ በ1992 እ.ኤ.አ. ባልደረቀ ሆፕ ቢራ ሠራ። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ ቺኮ የሚገኘው ሲየራ ኔቫዳ ካስኬድና ሴንቴኒያል የተባሉትን ዝርያዎች ከዋሽንግተን ግዛት ከያኪማ ሸለቆ እርጥባቸውን በጭነት መኪና አስመጥቶ ሃርቨስት ኤልን ጠመቀ። ያኪማ ከአሜሪካ ሆፕ አብዛኛው የሚበቅልበት ቦታ ነው፤ ዛሬ እዚያ ዙሪያ ያሉ ትናንሽ ጠማቂዎች ሴፕቴምበር ሲመጣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ይሉታል።

አሁን ወደ ብርጭቆው። ዘንድሮ ሁለት ቢራ ጎን ለጎን አድርጌ ነው የቀመስኩት። አንደኛው በእርጥብ ሴንቴኒያል የተጠመቀ፣ 5.8 በመቶ አልኮል ያለው የአንድ ትንሽ ጠማቂ ፔል ኤል፣ ማለትም ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ኤል። ሁለተኛው የሲየራ ኔቫዳ ሴሌብሬሽን። ሴሌብሬሽን ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ መጨረሻ የሚወጣ፣ 6.8 በመቶ አልኮል ያለው አይፒኤ፣ ማለትም ሆፕ የበዛበት መራራ ኤል ነው። እሱም የመኸር ሆፕ ቢራ ነው፣ ግን ሆፑ የዚያው ዓመት አዝመራ ሆኖ የደረቀ ነው፤ ሴንቴኒያል እሱም ውስጥ አለበት። ይህን ልዩነት ስትገዙ ልብ በሉት፣ ምክንያቱም ሌብሉ ላይ ሁለቱም «ትኩስ ሆፕ» ሊባሉ ይችላሉ።

የእርጥቡን መጀመሪያ ቀዳሁት። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ነው፣ ትንሽ ደፍረስ ይላል። አረፋው ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እየጠጣሁ ስወርድ የብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀለበት በቀለበት እየሠራ የቀረ። ከፍሪጅ እንደወጣ ሳሸተው ምንም አልነበረውም ማለት ይቻላል። ትንሽ አቆየሁትና እንደገና አሸተትኩት። አሁን መጣ፦ በመጀመሪያ ቅጠል፣ ዝናብ ካባራ በኋላ የጓሮ አትክልት መሃል ስትገቡ የሚቀበላችሁ ዓይነት እርጥብ አረንጓዴ ሽታ። ከሱ ሥር የሎሚ ልጣጭ፣ ከዚያ ደግሞ ስስ የአበባ መዓዛ። ሴንቴኒያል ደርቆ ሲመጣ የማውቀው ጠንከር ያለው የጥድ ሙጫ ሽታ እዚህ በጣም ወደ ኋላ ቀርቷል። አለ፣ ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት።

አፍ ውስጥ ሲገባ የገረመኝ ልስላሴው ነው። «ትኩስ ሆፕ» ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ምላስ የሚያቃጥል ምሬት ነው። በተቃራኒው ነው። ምሬቱ ዘግየት ብሎ ይመጣል፣ የምላስን ጎንና ጎን ነካ አድርጎ ይሄዳል። መሃሉ ላይ ውሃማ ነገር አለው፣ ቀጭን ማለቴ ሳይሆን ጭማቂ ያለበት። ዱባ ዘር ሳይደርቅ በጥርስ ሲሰበር የሚሰጠው ዓይነት ጥሬ ጣዕም ብልጭ ይላል። ብቅሉ ሳይንጠራራ ከሥር ይዞታል፤ ትንሽ የዳቦ ቅርፊት፣ ሌላ ምንም። ብርጭቆው ወደ ማለቁ ሲደርስ ድድ ላይ ስስ ማኮማተር ተሰማኝ። ይህ ከቅጠሉ የሚመጣ ነው፤ ያን ያህል አረንጓዴ ነገር በአንዴ ሲገባ ታኒኑም (አፍ የሚያኮማትረው ንጥረ ነገር) አብሮ ይገባል። እዚህ ልኩን አላለፈም። ጠማቂው ሆፑን በትኩሱ ጭማቂ ውስጥ ብዙ ሳያቆየው ያወጣው ይመስለኛል።

ቀጥሎ ሴሌብሬሽን። ወዲያው ሌላ ዓለም ነው። ቀለሙ ወደ መዳብ ያደላ፣ አረፋው ክሬም የመሰለ። ሽታው ከሩቅ ይጠራል፦ ጥድ፣ ግሬፕፍሩት፣ ከካራሜል ብቅሉ የሚመጣ የተቃጠለ ስኳር። ምሬቱ ገና በመጀመሪያው ጉንጭ ይይዛል፣ ከዋጣችሁትም በኋላ ቁጭ ብሎ ይቀራል። እወደዋለሁ፣ በጣም። ግን ሁለቱን አቀያይሬ ስጠጣ ማድረቅ ሆፕን ምን እንደሚያደርገው ግልጽ ሆነልኝ። በርግጥ ብቅላቸውም የአጠማመቅ መንገዳቸውም የተለያየ ነው፣ ሁሉንም ነገር በማድረቁ ላይ መጫን አልችልም። ነገር ግን ያ ቅጠላማው፣ እርጥብ የሆነው ነገር በሴሌብሬሽን ውስጥ ፈጽሞ የለም፣ በቦታው ሙጫው ተሰብስቦ፣ ጠንክሮ ቆሟል።

እርጥብ ሆፕ ለወሬ ነው፣ ጥሩ እንክብል የበለጠ መዓዛ ይሰጣል፣ በዚያ ላይ ዓመት እስከ ዓመት አይለዋወጥም የሚሉ አሉ። መዓዛን በኃይሉ ከለካነው ልክ ናቸው። በእንክብል የተሞላ አይፒኤ ክፍሉን ሁሉ ያሸታል፣ ይህ አያደርገውም። እኔ ግን ይህን ቢራ በኃይሉ አልመዝነውም። ተክሉ ገና ሕይወት እያለው ምን እንደሚመስል የሚያሳየኝ ይኸው ብቻ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ቢራ መሆኑን አውቀን ካልቀረብነው ሳንሰማው ያልፋል። ለዚህም ነው እርጥብ ሆፕን 8 እና 9 በመቶ አልኮል ባለው ከባድ አይፒኤ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች የማይገቡኝ። ያንን ሁሉ ልፋት ለፍተው፣ መኪና አስነድተው፣ መጨረሻ ላይ አልኮሉና ስኳሩ ይሸፍነዋል። ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ፣ ብቅሉ ቀለል ያለ ፔል ኤል ይበቃል።

የተቆረጠበት ቀንም ጣዕሙን ይለውጠዋል። ቀደም ብሎ የተቆረጠ ወደ ሣርና ሎሚ ያዘነብላል። በጣም ዘግይቶ የተቆረጠ ደግሞ፣ በተለይ አንዳንዶቹ ዝርያዎች፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ። እዚያ የደረሰውን እኔ አልወደውም፣ ደስ የሚላቸው ግን አሉ። በዚህ የተነሳ ዘንድሮ የወደድኩትን ለከርሞ በዚያው ስም ባገኘው እንኳ ያው ቢራ አይሆንም። ክረምቱ፣ ማሳው፣ የመቁረጫው ቀን ይለያያል።

ስትገዙ ከምንም በፊት የታሸገበትን ቀን እዩ። ይህ ቢራ ለማስቀመጥ አልተሠራም። ከሁለት ወር በላይ መደርደሪያ ላይ የቆየ አንድ ጣሳ ደርሶኝ ነበር፤ አረንጓዴው ሽታ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ እርጥብ ካርቶን ብቻ ነበር የቀረው። የገዛሁበት ቤት ቀኑ የተጻፈበትን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የደረደረው፤ አገላብጣችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። አንድ ወር ያልሞላው፣ በፍሪጅ የቆየ ከሆነ ውሰዱት። ጠርሙስ ከሆነ ቡናማውን ምረጡ፤ በነጭና በአረንጓዴ ጠርሙስ ውስጥ ብርሃን የሆፑን መራራ ንጥረ ነገር ይሰባብረውና ደስ የማይል ሽታ ያመጣበታል።

ሲቀዳም በረዶ መሆን የለበትም፣ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ጥሩ ነው። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ካላችሁ ሽታውን ይሰበስብላችኋል። ከሌላ ቢራ ጋር ከቀመሳችሁት እርጥቡን አስቀድሙ፣ ከአይፒኤ በኋላ ከመጣ ምላሳችሁ ምንም አያገኝበትም።

በኬንት ያሉ የእንግሊዝ ጠማቂዎችና በጀርመን ሃለርታው ያሉትም በየአዝመራቸው በእርጥብ ሆፕ ይጠምቃሉ። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ደግሞ አዝመራው የሚደርሰው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ በኋላ ነው፤ በኒውዚላንድ የኔልሰን ሆፖች በማርች ይቆረጣሉ። ቀጥሎ ማግኘት የምፈልገው የእነሱን ነው፤ በተለይ ወይን ወይን ይላል የሚባለው ኔልሰን ሶቪን የተባለው የሆፕ ዝርያ እርጥቡን ሲጠመቅ ያ የወይን ጣዕሙ ይቀርለት እንደሆነ ወይም ቅጠሉ ይውጠው እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ቀምሳችሁት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።