ቫይረሱ ጉበትን እንዴት ያገኘዋል?

ዛሬ ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሄፓታይተስ ቢ ለምን ጉበትን ብቻ ይመርጣል?» አለችኝ። እንዴት ደስ የሚል ጥያቄ ነው!

ቫይረሱ መጀመሪያ የጉበት ሴል ላይ ባሉት ሄፓራን ሰልፌት የሚባሉ የስኳር ሰንሰለቶች ላይ ላላ ብሎ ይለጠፋል። ይሄ ብቻውን አያስገባውም። ቀጥሎ ፕሪኤስ1 የተባለው የቫይረሱ የሽፋን ፕሮቲን ክፍል ኤንቲሲፒን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ኤንቲሲፒ እኮ የሐሞት ጨው ወደ ጉበት ሴል የሚያስገባ የራሳችን ፕሮቲን ነው! ቫይረሱ ጉበትን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። መግቢያው ኤንቲሲፒ መሆኑ የታወቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ውስጥ ነው።

ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ስኳሩን ራሱ ለብሶ ይመጣል። ኢ2 የተባለው ፕሮቲኑ በስኳር ስለተሸፈነ ፀረ እንግዳ አካላት በቀላሉ አይደርሱበትም። እስካሁን ክትባት ላለማግኘቱ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ለቢ ግን ክትባት አለ። ወላጆች፣ በእናታችሁ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ እዩት።