ከሚሌ እስከ ባቲ፦ የተሳቢው ውስጠኛ ጎማ

ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ ጭነን በጋላፊ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ስንጓዝ ሚሌ ላይ አደርን። ተሳቢ ለሚጎትት ሹፌር ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ቀላል አይደለም፤ በአንድ በኩል የቆላው ሙቀት፣ በሌላ በኩል በባቲ አድርጎ ወደ ወሎ ደጋ የሚያወጣው ረጅም ዳገት አለ፣ የሁለቱም ጫና የሚያርፈው ጎማ ላይ ነው።

መኪናችን የጎማ ነፋስና ሙቀት መከታተያ ተገጥሞለታል። በየቸርኬው ላይ፣ በጎማው ውስጥ የታሰረች ትንሽ መሣሪያ የነፋሱንና የሙቀቱን ልክ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ጋቢና ትልካለች፤ የተሳቢው የኋላ ጎማዎች ከጋቢናው ስለሚርቁ ሞገዱን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሌላ መሣሪያ ተሳቢው ላይ ተጨምሯል። የፊት ጎማ ነፋስ ሲያጣ መሪው ለሹፌሩ ያሳውቀዋል፤ የተሳቢ ጎማ ግን ተንፍሶ እንኳ ሳይታወቅ ብዙ መንገድ ሊሄድ ይችላል። በተለይ ጎን ለጎን ከታሰሩት ጥንድ ጎማዎች ውስጠኛው ቢጎድል ውጭኛው ጭነቱን ስለሚሸከምለት ዞር ብሎ ለሚያየው ሰው እንኳ ምንም የጎደለ አይመስልም።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ጎማዎቹ ሌሊቱን አርፈው ሳለ፣ ማሳያውን ተመለከትኩ። ሁሉም ለጭነታችን በተወሰነው ልክ፣ በ110 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነበሩ፤ የተሳቢው ሁለተኛ አክሰል የግራ ውስጠኛ ጎማ ብቻ 96 ያሳያል። ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው ነፋሱ ከልኩ 20 በመቶ ሲጎድል፣ ማለትም ከ88 በታች ሲወርድ ስለነበረ ዝም ብሏል። ረዳቴ፣ «ጋሼ፣ እዚሁ ብናስየው አይሻልም?» አለኝ። ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ የባቲ ገበያ የደጋውንና የቆላውን ሰው ከነግመሉና ከነፍየሉ መንገዱ ላይ ሳያወጣው ከተማዋን ማለፍ ፈለግሁና፣ «ባቲ እናስሞላዋለን» ብዬው ተነሣን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጎማው ቀዝቅዞ እውነቱን የሚናገርበት ሰዓት ያ ነበር።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል የሁሉም ጎማዎች ቁጥር ጨመረ። በጎማ ውስጥ የታፈነ ነፋስ ሲሞቅ ይወጠራልና ይህ የተለመደ ነው። 96 የነበረውም ወደ 101 ሲወጣ ጊዜ እኔ ይህን እንደ መልካም ምልክት ቆጠርኩት። ወደ ባቲ ልንቃረብ ስንል ግን ረዳቴ ከነፋሱ ቁጥር ጎን ያለውን የሙቀት ቁጥር አሳየኝ፦ ሌሎቹ የተሳቢው ጎማዎች በ58 ዲግሪ አካባቢ ሆነው ነፋሳቸው ወደ 122 ሲደርስ፣ ያ ጎማ 82 ዲግሪ ሞቆ ነፋሱ 101 ላይ ቆሟል። ከሁሉ የበለጠ የሞቀው ጎማ ከሁሉ ያነሰ ነፋስ ይዟል ማለት ነው። ነፋስ የጎደለው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ደግሞ የቀረውን ነፋስ ወጥሮ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ማስጠንቀቂያው ያልጮኸው ለዚህ ነው።

ወዲያውኑ ዳር ይዤ አቆምኩ። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ፍሬን ነበር፤ ፍሬን ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ ግን ሙቀቱ ጥንዶቹን ሁለቱንም ያገኛቸው ነበር። ውጭኛው 63 ዲግሪ ብቻ ነው፤ እሱም ትንሽ የጨመረው የጓደኛውን ጭነት ስለተሸከመ ነው። ረዳቴ በቅንነት፣ 122 የደረሱትን ጎማዎች ጥቂት ላተንፍሳቸው ብሎ ነበር፤ አይሆንም አልኩት። በሙቀት የጨመረ ነፋስ በሙቀት ጊዜ ከተቀነሰ፣ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል፣ በማግስቱም እንደዚያኛው እየታጠፈ ይሞቃል።

በዝግታ እየነዳን ባቲ ገባንና ከአንድ አረጋዊ ጎሚስታ ዘንድ ቆምን። ጎማው ሦስት ሰዓት ያህል ጥላ ውስጥ ቆይቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲለካ 84 ሆኖ ተገኘ፤ በማሳያው ላይ 101 የነበረው ነፋስ ማለት ነው። የሳሙና ውኃ ሲፈስበት ነፋስ በሚሞላበት በባልቦላው ሥር ካለው ላስቲክ አረፋ ተነሣ። ረዳቴ የኮምፕረሰሩን ቱቦ አንሥቶ ሊሞላው ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። «አብሽር ልጄ፣ ነፋሱ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ሆዱን እንየው» አሉት።

ያን ጊዜ ያሉትን አድምጬ የማላውቀውን ተማርኩ። የሽቦ ጎማ ከልኩ 20 በመቶ ጎድሎ ከሄደ፣ በጎኑ ያሉት ቀጭን የብረት ሽቦዎች በመታጠፍ ብዛት ይደክማሉ፤ ከውጭ ምንም ሳይታይበት ነፋስ ሲሞላ ጎኑ እንደ ዚፕ ተሰንጥቆ ይፈነዳል፣ ፊት ለፊቱ የቆመን ሰውም ይገድላል። ስለዚህ ከቸርኬው ሳይወልቅና ውስጡ ሳይታይ አይሞላም፤ ደህና መሆኑ ተረጋግጦ ሲሞላም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ፣ ሞይው በረጅም ቱቦ ከጎኑ ርቆ ቆሞ ነው። ጎማው ሲወልቅ ውስጡ ጥቁር የላስቲክ ብናኝ ነበረበት፤ የጎኑም ውስጠኛ ገጽ ዙሪያውን ተጨማዶ ነበር። ሽማግሌው በጣታቸው ዳስሰው ለብቻው አስቀመጡት። ረዳቴ ቱቦውን ይዞ ቆሞበት የነበረውን ቦታ እያየሁ ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻልኩም።

ውጭኛውም ወልቆ ታየ፤ ደህና ነበር። ተጠባባቂውን ጎማ አስገብተን፣ ገበያተኛው ወደየቀዬው ሲመለስ፣ እኛም በደጋንና በገርባ አድርገን አመሻሽ ላይ ኮምቦልቻ ደረስን። ከዚያ ወዲህ ሚሌ ባደርን ቁጥር ረዳቴ ንጋት ላይ የጎማዎቹን ነፋስ ጥንድ በጥንድ እየጠራ እኔ በጉዞ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ፤ ዳገቱን ከመጀመራችን በፊት ደግሞ ቆመን ነፋሱንና ሙቀቱን ጎን ለጎን እንጽፋለን። ከጥንዶቹ አንዱ ንጋት ላይ አምስት ፒኤስአይ እንኳ ቢጎድል፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሞተር አይነሣም።