ከኪሱ ግርጌ የወጣው መሮ

አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ፣ ገና ባላለቀ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የኩሽና ካቢኔት የሚገጥሙ ሠራተኞች ጠዋት ዕቃቸውን ከፒክአፕ ያወርዳሉ። ትራፓኖው በሳጥኑ፣ ስኩዋድራውና ሜትሩ በቦርሳ ናቸው። ስድስቱ መሮዎች ደግሞ ከጂንስ በተሰፋ ባለ ኪስ መጠቅለያ ተጠቅልለው ባልዲ ውስጥ ቆመዋል። ረዳቱ ጥቅሉን ሊያወጣ ግራ እጁን ከሥሩ ሰድዶ ደግፎ አነሣውና ወዲያው ለቀቀው። የ6 ሚሊው መሮ ጫፍ በጨርቁ ግርጌ ወጥቶ አውራ ጣቱ ሥር ያለውን ሥጋ ሰንጥቆታል።

«ጋሼ፣ ጨርቁ እኮ እንደታሰረ ነው፤ በየት ወጣ?» አለ ደሙን እያየ።

«እጅህን ወደ ላይ አድርግና ጥብቅ አርገህ ያዘው። ጨርቁን በኋላ እናየዋለን» አሉት አናጢው።

ክሊኒክ ሄዶ ቁስሉ ታጥቦ ተሰፋ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ተወጋ። ብዙ ሰው ክትባቱን ይዘለዋል፤ መዘለል ግን የለበትም። የመሣሪያ ጨርቅ አቧራና የቆየ ዘይት አያጣውም፣ የመሮ ጫፍ የሚከፍተው ቁስል ደግሞ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ውሃ በደንብ አይደርሰውም።

ከሰዓት በኋላ ጥቅሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ኪሶቹ አንድ በአንድ ተገለበጡ። የሁሉም የመጀመሪያ ግምት «ጂንሱ አርጅቷል» የሚል ነበር። ሐሰት አይደለም፤ ጨርቁ የተቆረጠው ከአሮጌ ሱሪ ነው፣ የሳሳው የጉልበቱ ክፍልም ኪሶቹ ግርጌ ላይ ውሏል። ነገር ግን ስድስቱም ኪሶች ከዚያው ጨርቅ ሆነው አምስቱ አልተበሱም። ከሁሉም የሚከብደው የ32 ሚሊው መሮ እንኳ እጥፋቱ ላይ ቀጭን መስመር ከመተው አላለፈም። ጨርቁን የበሳው ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ነገሩ የተገለጠው ኪሶቹ ሲለኩ ነው። ስድስቱም እኩል 45 ሚሊ ናቸው። ይህ ስፋት ለ32 ሚሊው ልኩ ነው፤ ኪሱ ግራና ቀኝ ይይዘዋል፣ ስለቱም በሙሉ ወርዱ እጥፋቱ ላይ ስለሚያርፍ ክብደቱ ይከፋፈላል። የ6 ሚሊው ግን እዚያ ውስጥ ይዋልላል። ወደ ጎን ያዘነብልና በአንድ ማዕዘኑ ብቻ ይቆማል፤ ተንሸራቶ የሚያርፈውም የጎን ስፌቱና የግርጌው እጥፋት የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ብድግ ብሎ እዚያችው ነጥብ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ክሩ ተቆረጠ፣ ከዚያ ጨርቁ። ጥጉን ወደ ብርሃን ይዘው ሲያዩት የጨርቁ ክሮች በምላጭ እንደተቆረጡ እኩል ነበሩ፤ በክብደት ብዛት የተቀደደ ቢሆን ኖሮ ጫፋቸው ይንጨባረር ነበር።

መሮው ብድግ እንዲል ቦታ የሰጠው ደግሞ ክዳኑ ነው። ከእጀታዎቹ ጫፍ 20 ሚሊ ብቻ ወርዶ ቀርቷል። መጠቅለያው ከውጭ ጥብቅ ብሎ ቢታሰርም ውስጥ ያሉት መሮዎች ወደ ላይ ይሸሻሉ፣ መልሰው ይወርዳሉ። በአጭሩ ጨርቅ ክብደት ይችላል፤ የማይችለው የስለትን መመላለስ ነው። የመጠቅለያ ልክ፣ ስፌትና አስተሳሰር ሁሉ ከዚህ መነሣት አለበት።

ጥፋቱን የልብስ ሰፊው ላይ መለጠፍ ደግሞ ተገቢ አይደለም። የተነገረው «ስድስት ኪስ ይኑረው» ብቻ ነበር፣ እሱም ስድስት እኩል ኪስ ሰፋ። ለሰፊ የሚሰጠው መሣሪያው ራሱ ነው፤ ካልሆነም መሣሪያዎቹ በቅደም ተከተላቸው ወረቀት ላይ ተኝተው ዙሪያቸው በእርሳስ የተሳለበት ንድፍ።

ልኩ እንዲህ ይወጣል። ኪስ ፊትና ጀርባ ያለው ነው፤ ሁለቱ ተደምረው የመሣሪያውን ዙሪያ መክበብ አለባቸው። ለጠፍጣፋ መሣሪያ ወርዱ ከውፍረቱ ጋር ይደመርና ከ6 እስከ 8 ሚሊ መላወሻ ይጨመርበታል። ወርዱ 25፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ የሆነ መሮ 38 ሚሊ ኪስ ይፈልጋል ማለት ነው። የ6 ሚሊው መሮ ውፍረቱም ወደ 6 ስለሚጠጋ ከ18 እስከ 20 ይበቃዋል። ክብ ነገር ሲሆን፣ ለምሳሌ እስከ እጀታው የሚገባ ካቻቢቴ፣ የእጀታው ዲያሜትር በ1.57 ይባዛና ያው መላወሻ ይጨመራል፤ 28 ሚሊ ክብ 44 ይመጣል፣ ከመላወሻው ጋር 50። ዲያሜትሩን ብቻ ለክቶ የሚሰፋ ሰው መሣሪያው አልገባ ሲለው ጨርቁ የተኮማተረ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ጠባብ መሮ እጀታው ጠባብ አይደለም። የሁሉም እጀታ ወደ 30 ሚሊ ስለሚሆን ከአንዱ መሮ መሐል እስከ ሌላው መሐል 38 ሚሊ ካልተተወ እጀታዎቹ ይገፋፋሉ፣ ጥቅሉም ይንጋደዳል። ሰፊዎች ኪሶቹን እኩል የሚያደርጓቸው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ኪሱን ማስፋት ሳይሆን በኪስና በኪስ መካከል ባዶ መንገድ መተው ነው፦ 20 ሚሊ ኪስ፣ ቀጥሎ 18 ሚሊ ክፍት፣ በሁለት የስፌት መስመር ተለይተው። ሥራው በአንድ መስመር ይጨምራል፣ መሮው ግን አይዋልልም።

በዚህ ስሌት ለ6፣ ለ10፣ ለ12 እና ለ18 ሚሊ መሮዎች እያንዳንዳቸው 38፣ ለ25 ሚሊው 40፣ ለ32 ሚሊው 45 ሲያዝ ድምሩ 237 ሚሊ ነው። ግራና ቀኝ 30፣ 30 ሚሊ ባዶ ዳር፣ ለቅምቅማት (ጠርዙ ታጥፎ ለሚሰፋበት) ደግሞ 20፣ 20 ሲጨመር የጨርቁ ወርድ 337፣ በግርድፉ 340 ሚሊ ይሆናል። ቁመቱ፣ ረጅሙ መሮ ከነእጀታው 270 ሚሊ ከሆነ፣ እንዲህ ነው፦ ወደ ላይ የሚታጠፈው ኪስ 160፣ ጀርባው 280፣ ክዳኑ 160፣ ለላይና ለታች ቅምቅማት 40፤ ባጠቃላይ 640። ክዳኑ 160 የሆነበት ምክንያት እጀታዎቹን በሙሉ ሸፍኖ ከኪሱ አፍ 40 ሚሊ እንዲያልፍ ነው። ሲጠቀለል ክዳኑ በእጀታዎቹና በኪሱ ላይ ይጨመቃል፣ መሮው የሚሸሽበት ያጣል። ጨርቅ ለመቆጠብ ከክዳኑ የሚቀንሱ ብዙ ናቸው፤ መቀነስ የማይገባው ግን እሱ ነው።

ስለቱ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የሚለው ክርክር በየእንጨት ቤቱ አለ። ወደ ላይ ሲሆን የትኛው መሮ የቱ እንደሆነ ቶሎ ይታያል፤ ነገር ግን ክዳኑን የሚገልጠው እጅ በየቀኑ በስለቱ ላይ ያልፋል። በእኔ እምነት ስለት ወደ ታች፣ ኪስ ውስጥ ይግባና ግርጌው ይጠናከር። የመሮው መጠን እጀታው ላይ ቢጻፍ መለየቱ አያስቸግርም።

ግርጌውን የሚያጠናክረው ቆዳ ነው፤ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው ይበቃል። አንድ ረጅም ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ እያንዳንዱ የኪስ ስፌት ሁለት ድርብ ቆዳና ሁለት ድርብ ጨርቅ መብሳት ስለሚኖርበት የቤት መኪና መርፌ ይሰበራል ወይም ስፌት ይዘላል። ስለዚህ ለየኪሱ ከኪሱ 4 ሚሊ የሚጠብ፣ 80 ሚሊ ርዝመት ያለው ቁራጭ ይዘጋጅ። ጨርቁ ገና ሳይታጠፍ ቁራጩ በእጥፋቱ መስመር ላይ 40 ሚሊ ወደ ኪሱ፣ 40 ሚሊ ወደ ጀርባው ሆኖ ይተኛና ሁለቱ ጫፎቹ ብቻ በአግድም ይሰፋሉ። ጨርቁ ሲታጠፍ ቆዳው ጎድጎድ ብሎ ስለቱን ይቀበላል፤ የኪሱ ስፌት ደግሞ በቆዳዎቹ መካከል በጨርቅ ላይ ብቻ ያልፋል። ቆዳው አልታጠፍ ካለ መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ አርሶ በቢላዋ ጀርባ ጫን ብሎ ማስመር ነው። ከ2 ሚሊ በላይ የሆነ ቆዳ ብቻ ካለ በወስፌ በ4 ሚሊ ርቀት እየበሱ በሰም በታሸ ክር በእጅ መስፋት፣ ወይም ለጫማ ሰፊ መስጠት ይሻላል።

ስፌቱ ላይ የተገኘው ጥፋት ሁለት ነው። ክሩ የሸሚዝ ጥጥ ክር ነበር፤ ርምጃውም (ከአንዱ የመርፌ ቀዳዳ እስከ ሌላው ያለው ርቀት) 1.5 ሚሊ ነበር። ስፌት ሲቀራረብ የሚጠነክር ይመስላል፣ በወፍራም ጨርቅ ላይ ግን ቀዳዳዎቹ ስለሚቀራረቡ ጨርቁ በመስመሩ ላይ ይዳከማል። ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ርምጃ፣ የጂንስ ፖሊስተር ክር (20/3 የሚባለው) እና 110 ቁጥር መርፌ ትክክለኛው ነው። 110 ማለት የመርፌው ውፍረት 1.1 ሚሊ ነው፤ በሌላው አቆጣጠር 18 ተብሎ ይጻፋል። ወፍራሙ ክር አልመች ካለ ከላይ ብቻ አድርጎ ለታችኛው መደበኛ ፖሊስተር መጠቀም ይቻላል።

ቅደም ተከተሉን ማዛባት አይገባም። ጨርቁ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይተኮስ፤ ያልታጠበ የጥጥ ሸራ ከተሰፋ በኋላ ሲታጠብ ይኮማተርና ልኩ ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ ይቆረጥ፣ የኪሱ አፍ ይቀምቀም፣ ቆዳው ይሰፋ፣ ይታጠፍ፣ መስመሮቹ በጠመኔ ይሰመሩ። ኪሱ የሚሰፋው ከግርጌ ወደ አፍ ነው፤ አፉ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ እየተመለሱ ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፣ መሮ ሲገባና ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈታው እዚያ ስለሆነ። የጎን ቅምቅማትና ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ይሠራሉ። ማሰሪያው 90 ሴንቲ የሆነ የጥጥ ጥብጣብ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ የሚሰፋውም በአራት ማዕዘን ከውስጡ ኤክስ ተደርጎበት ነው። ቬልክሮ ለእንጨት ቤት አይሆንም፤ ሰጋቱራ ይሞላዋል።

የጨርቁ ምርጫ እንደሚታሰበው አያስጨንቅም። መርካቶ በሜትር ከሚሸጠው የጥጥ ሸራ በካሬ ሜትር ከ340 እስከ 400 ግራም የሚመዝነው ይበቃል። አሮጌ ጂንስም ጥሩ ነው፣ ጉልበቱና መቀመጫው ተቆርጦ ከወጣ። ለፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) እና ለብሎን የሚሆኑ ትናንሽ ቦርሳዎች ከትርፍራፊው ይወጣሉ፤ ዚፓቸው ባለ ፕላስቲክ ጥርስ ይሁን።

የክረምት ዝገት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥጥ እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳም ከተለፋበት ነገር የተነሣ ከብረት ጋር ረጅም ጊዜ ሲነካካ ያዝገዋል። ንጹሕ የንብ ሰም ጨርቁ ላይ አሽቶ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ውሃ እንዳይሰርግ ይረዳል፤ ሰሙ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ጨርቁ በሙቅ ውሃ አይታጠብም። ከኪሶቹ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሰም አይደረግም፤ ሰጋቱራ ይለጥፋል። ለወራት የሚቀመጥ መሮ በዘይት ተወልውሎ ከጥቅሉ ውጭ ይቀመጥ።

አዲስ የተሰፋ መጠቅለያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ተሞልቶ፣ ታስሮ፣ መሐሉን ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይናወጥ። ብረት ከብረት ሲጋጭ ከተሰማ አንዱ ኪስ ሰፍቷል ወይም ክዳኑ አጥሯል። መኪና ላይ የሚጫነው ተኝቶ ነው፤ ባልዲ ውስጥ አይቆምም። ሲነሣም መሐሉ ይያዛል። በየወሩ ኪሶቹ ተገልብጠው የግርጌው ቆዳ ይታይ፤ ስለቱ ግማሽ ውፍረቱ ድረስ የገባበት ቁራጭ ሁለቱ የአግድም ስፌቶች ተፈትተው በአዲስ ይተካል።