ሃያ ሆነን ባሕር ዳር

«ስምንት ክፍል፣ አራት ሌሊት። ተይዞልሻል እህቴ፣ ችግር የለም።»

ስልክ ላይ የተባልኩት ይኼ ነው። አምኜ ዘጋሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ሃያ ሰው የጫነው ኮስተር ሆቴሉ በር ላይ ቆመ። ያለው ክፍል አምስት ብቻ ነው ተባልኩ። ሦስቱን ለስብሰባ የመጡ እንግዶች ገብተውባቸዋል።

ጊዜው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ወቅት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከአሜሪካ መጥቷል። እናታችን ደግሞ ባሕር ዳር አቅራቢያ፣ ጣና ዳር ዘጌ ላይ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሳለም የቆየ ስለት አለባት። ሁለቱን አንድ ላይ እናድርገው ተባባልን። አልጋ የመያዙ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

ልጆቹ መጀመሪያ ቢሾፍቱ ነበር የፈለጉት፣ ኩሪፍቱ የውሃ መዝናኛው ጋ። አልፈረድኩባቸውም። ለልጅ እንዲያ ያለ ቦታ ገነት ነው። ግን ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ማደር የግድ ነው። ማደር ከመጣ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ይለወጣል። ማን ከማን ጋር ይተኛል? ማን ደረጃ መውጣት አይችልም? ማታ የት እንሰበሰባለን? እኔ ግን ስልክ ስደውል የጠየቅሁት «ስንት ክፍል አላችሁ?» እና «ዋጋው ስንት ነው?» ብቻ ነበር።

ያችን የመጀመሪያ ሌሊት አልረሳትም። አምስቱን ክፍል ይዘን፣ የቀረነው በባጃጅ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ወዳለ ፔንሲዮን ተላክን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበርን። የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተናል። ልጆቹ ደክመዋል። እናቴ የደረሳት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አሳንሰሩ አይሠራም። ጉልበቷን ያማታል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ትንሽ ልረፍ ልጄ» አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም። የግፊት መድኃኒቷ ደግሞ ከታላቅ እህቴ ሻንጣ ውስጥ ነበር። እህቴ ፔንሲዮኑ ውስጥ ናት። የልጄ ወተትም እዚያው ሄዷል። ለዘጠኝ ዓመት ያላየነው ወንድማችን አንዱ ቤት፣ አጎታችን ሌላው ቤት አደሩ። ያን ማታ ቡና አልተፈላም።

ስልክ ያነሳውን ልጅ ብቻ ጥፋተኛ አላደርግም። እኔም ቀብድ አልከፈልኩም ነበር። በጽሑፍ የያዝኩት ነገር የለም። ባሕር ዳር የስብሰባ ከተማ ናት። በሥራ ቀናት ሆቴሎቹ በወርክሾፕ ይሞላሉ። ሐምሌ ላይ የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ሲደርስ የተመራቂ ቤተሰብ ከየሀገሩ ይጎርፋል። ጥር ላይ ጥምቀትና ሠርግ አለ። እኛ የደረስነው ማክሰኞ ነበር። አሁን አልጋ ስይዝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በዚያ ሳምንት ስብሰባ ወይም ሠርግ ተቀብላችኋል ወይ?» ብዬ ነው። ቀብዱን በሆቴሉ ስም በተከፈተ ሒሳብ አስገባለሁ። ደረሰኙን በቴሌግራም እልክና የክፍል ቁጥሮቹን ጽፈው እንዲመልሱልኝ አደርጋለሁ። ከሳምንት በፊት እደውላለሁ፣ ከቀኑ በፊት እደውላለሁ። ደብረ ማርቆስ ምሳ ስንበላ ደግሞ እንደገና እደውላለሁ። የክፍል ቁጥር የተጻፈለትን ሰው አሳልፎ መስጠት ከባድ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ባጃጅ ይዘን ወጣን። ከምሳ በፊት አራት ቦታ አየን። ከመውጣታችን በፊት ግን ቁርስ ላይ ደብተር አውጥቼ ሰው በሰው ጻፍኩ። እናቴና የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጇ፣ ሁለት አልጋ፣ ምድር ቤት። አጎቴና ወንድሜ፣ ሁለት አልጋ። አራት ባልና ሚስት፣ ሁለቱ ሕፃን ያላቸው። ሞግዚቷና ሁለቱ ትንንሽ ሴቶች፣ ሦስት አልጋ። ሁለቱ ወንዶች ልጆች፣ ከወላጆቻቸው ክፍል አጠገብ። አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ ስምንት ክፍል። ከዚያ ሾፌራችን ትዝ አለኝ! ሃያኛው ሰው እሱ ነው። ማክሰኞ ሌሊት ኮስተሩ ውስጥ ነበር ያደረው፣ በጣም አፈርኩ። ያን ሁሉ ሰው ገደል ለገደል ይዞ የሚሄድ ሰው ጥሩ እንቅልፍ ካልተኛ የማን ሕይወት ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው? ዘጠነኛ ክፍል ጨመርኩ።

ደብተሩ ሥራውን በጣም አቀለለው። ቀድሞ ቆንጆ ክፍል ፍለጋ ነበር የምዞረው። አሁን ከእናቴ ጉልበት ጀመርኩ። ምድር ቤት ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ከሌለ፣ ሌላውን ሳልጠይቅ አመስግኜ እወጣለሁ። ሁለቱ ቦታዎች በዚህ ብቻ ወደቁ። ሦስተኛው መሀል ከተማ ያለ አዲስ ረጅም ሕንፃ ነው። አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ መታጠቢያው ሁሉ ያማረ ነው። ግን ሃያ ሰው አብሮ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። እያንዳንዱ ወደየፎቁ ወጥቶ በሩን ዘግቶ ያድራል። ለሥራ ለመጣ ሰው ምቹ ነው። ለቤተሰብ ግን አልወደድኩትም።

የመረጥነው ጣና ዳር ያለ አሮጌ ቦታ ነው። ክፍሎቹ በአንድ መስመር ምድር ላይ ተደርድረዋል። ፊታቸው ሰፊ ግቢና ትልልቅ ዛፍ አለ። ወንበሩ ያረጀ ነው፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጧል። ታናሽ እህቴ መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። እኔ ግን ዛፉ ሥር ስቆም እናቴ ረከቦቷን የምትዘረጋበት ቦታ ታየኝ። ሥራ አስኪያጁን «የራሳችንን ቡና ማፍላት እንችላለን?» አልኩት። አንዳንድ ቦታ ከውጭ ምግብና መጠጥ ማስገባት አይፈቀድም። እሱ ግን «ከሰሉን እኛ እናቀርባለን» አለ። ልቤ እዚያው ቀረ።

እንዲያም ሆኖ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገብቼ አየሁ። «ደብል» ሲሉ አንድ ሰፊ አልጋ ማለታቸው ነው፣ «ትዊን» ሲሉ ሁለት። ይህን ሳያጣራ የያዘ ሰው አጎቱንና ወንድሙን አንድ አልጋ ላይ ያስተኛል። ሙቅ ውሃውን ከፍቼ ጠበቅሁ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ምን ምን እንደሚይዝ ጠየቅሁ። መብራቱን ይይዛል፣ የውሃ ማሞቂያውን ግን አይይዝም አሉኝ። እሺ፣ ልጆቹን በጊዜ እናጥባለን። አጎበር ደግሞ በየአልጋው ቆጠርኩ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ወባ ይደርስባታል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ልክ እኛ በሄድንበት ጥቅምት አካባቢ፣ ይበረታል። ለተጨማሪ ፍራሽ አጎበር አልነበራቸውም። ሕፃን ፍራሽ ላይ የሚያስተኛ ሰው ይህን ቀድሞ ይጠይቅ። እኛ ከገበያ ሁለት ገዛን።

የውሃውን ነገር ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ልጆቹ የመጡት ለእሱ ነው። ጣና ውስጥ መዋኘት አይመከርም። ቢልሃርዚያ የሚባለው በውሃ የሚተላለፍ በሽታ አለበት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬም አለ። ስለዚህ ገንዳ ያስፈልጋል። ገንዳ አለን የሚል ሁሉ ግን ውሃ ያለው ገንዳ የለውም። ካየናቸው አራት ቦታዎች በአንደኛው ፎቶው ላይ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ገንዳ ደርቆ ቅጠል ሞልቶበት አገኘነው። ስትደውሉ የዛሬ ፎቶ ላኩልኝ በሉ። የእኛው ውሃ ነበረው። ችግሩ በሌላ በኩል መጣ፦ ግቢው እስከ ሐይቁ ድረስ ክፍት ነው፣ አጥር የለውም። ሁለት ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት አሉን። ሕፃን ያላቸውን ሁለት ክፍሎች ከውሃው ራቅ ብሎ በሩ አካባቢ ወሰድን። ዳር ያለውን ክፍል ለአጎቴና ለወንድሜ ሰጠን። ትልልቆቹ ደግሞ በየሰዓቱ ተራ ገባን። ተራው የደረሰው ሰው ስልክ አይነካም። ሐይቅ ዳር የሚያርፍ ቤተሰብ ሆቴሉ ከመግባቱ በፊት ይህን ተራ ቢመድብ ደስ ይለኛል።

ወደ ሒሳብ ልምጣ። የሚነገራችሁ የክፍል ዋጋ ብዙ ጊዜ ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ያልተጨመረበት ነው። 1,000 ብር ያሉት ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስ ሲገባበት 1,100 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 1,265። ለአንድ ክፍል 265 ብር ቀላል ይመስላል። ዘጠኝ ክፍል ለሦስት ሌሊት ሲሆን 7,155 ብር ነው፣ በጀት ያልተያዘለት። ስለዚህ «ሁሉም ተጠቃሎ ስንት?» ነው ጥያቄው። ቁርሱስ ለስንት ሰው ነው? የልጆች ቁርስ ተለይቶ ይታሰባል? ወንድሜን ደግሞ በፓስፖርቱ ምክንያት የውጭ ዜጋ ዋጋ ጠየቁት። ቢጫ ካርዱን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ሲያሳይ ተስተካከለ። ክፍያው ላይ ሁሉን ልክፈል ብሎ ሲነሳ ታላቅ እህቴ አልፈቀደችም። በየቤተሰቡ ተከፈለ፣ የእናቴንና የአጎቴን እሱ ሸፈነ። ይህን ሳንጓዝ ብንነጋገርበት መልካም ነበር።

ሃያ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ በሜኑ ካዘዘ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ወጥ ቤት ገብቼ የነገውን እነግራለሁ። ዓርብ በያይነቱ በትልልቅ ትሪ። ሐሙስ ለምሳ ዓሣ፣ ግማሹ የተጠበሰ፣ ግማሹ ጉላሽ። ቀደም ብለው ስላወቁ ዓሣውን በጠዋት ከአሥጋሪዎች ገዙ። እንደዚያ ያለ ዓሣ አዲስ አበባ በልቼ አላውቅም።

ቦታውን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት የጀልባ መነሻው ግቢው ውስጥ መሆኑ ነበር። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። እናቴ ከክፍሏ ወጥታ ሃምሳ እርምጃ ሄዳ ጀልባ ላይ ገባች። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን ቀድመን ቆጥረናል፣ በልጅ ልክ ያለው ሦስት ብቻ ስለነበር ጀልባ ነጂው የቀረውን ከጓደኛው አመጣ። አንዲት ነገር ደግሞ ላንሳ። ጣና ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባበትም። ይህን ሳያውቅ የቤተሰብ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ግማሹን ሰው ጀልባ ላይ ጥሎ ይወርዳል። እኛ ወደ ዘጌ ብቻ ነው የሄድነው። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጫካ መሀል አቀበት አለ። እናቴ በየቦታው እያረፈች፣ አንድ ክንዷን ለወንድሜ፣ አንዱን ለእኔ ሰጥታ ወጣች። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ሲታያት ነጠላዋን አጣፋች። ያ ሥዕል የሞላበት ግድግዳ ፊት ቆማ ስለቷን አደረሰች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሰንብታ ቢሆን ያን አቀበት የምትወጣበት ጉልበት ይኖራት እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ዓርብ ጢስ ዓባይን አየን። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ይቀጥናል፣ ጥቅምት ላይ ግን ገና ግርማው አለ። እናቴና አጎቴ አልሄዱም። ዛፉ ሥር ሲያወጉ ዋሉ። ማረፊያው ጥሩ ሲሆን መቅረትም እንዲህ ደስ ይላል። ስንመለስ ወንድሜ የማያውቀውን የአባታችንን የልጅነት ታሪክ ይዘው ጠበቁት። እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ተቀመጥን።

ቅዳሜ ኮስተሩ ሌሎቹን ይዞ በሌሊት ወጣ። እናቴን ያን መንገድ በድጋሚ በመኪና ላስኬዳት አልፈለግሁም። አውሮፕላኑ ወደ 11 ሰዓት ነው፣ ክፍል የሚለቀቀው 6 ሰዓት። ዓርብ ማታ ሥራ አስኪያጁን አንድ ክፍል ብቻ እስከ 10 ሰዓት እንዲተውልን ለመንኩት። የእሷን ክፍል ተወልን። ጋደም አለች፣ ታጠበች፣ ጸሎቷን አደረሰች። ጀበናው ከእኛ ጋር ቀርቶ ነበር። ዛፉ ሥር ቡና አፈላች፣ በረካውን ከአትክልተኛው ጋር ጠጥተን ወደ አየር ማረፊያ ሄድን።