ወሯ ሳይደርስ ያማጠች የመሰለችው ላም

ነገሩ የሆነው በስምጥ ሸለቆ ባለ አንድ የቦረና የሥጋ ከብት ማርቢያ ውስጥ ነው። ለመውለድ 25 ቀን ገደማ የቀራት፣ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ በሰላም የወለደች ላም ጠዋት ከመንጋው ተነጥላ ቆማ ተገኘች። ድርቆሹን አልቀመሰችም። ጅራቷን ታወናጭፋለች፣ በኋላ እግሯ ሆዷን ትመታለች፣ ትተኛና ወዲያው ትነሳለች። ግቷ ግን አልሞላም፤ ከጅራቷ ሥር ግራና ቀኝ ያለው ጅማት አልላላም፤ ከብልቷም የወረደ ንፍጥ የለም። ይህን ሁሉ አይተው «ምጥ አይደለም» ያሉት ሽማግሌው እረኛ ነበሩ። ትክክል ነበሩ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ላሟ «ሆዷን ነፍቷት ነው» ተብሎ ዘይት ተጋተች። ከዚያ በኋላ «ምጧ ከብዷት ነው» የሚለው ወገን አሸነፈና አንዱ ሠራተኛ ኦክሲቶሲን፣ ሌላው ዴክሳሜታሶን ሊወጋ ተዘጋጀ። ሐኪሙ በስልክ ያስቆማቸው በዚህ ጊዜ ነው፤ «እኔ እስክደርስ ምንም እንዳትወጓት። ሣር ሜዳ ላይ አውጧት፣ ገመድና ረጅም ጣውላ ፈልጉ።»

ሐኪሙ የጠረጠረው ማህፀኗ በራሱ ላይ ዞሮ መጠምዘዙን ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱም መርፌዎች የሚያስፈሩበት ምክንያት ይለያያል። ኦክሲቶሲን ማህፀንን ያኮማትራል፤ መውጫው ተጠምዝዞ ከተዘጋ የሚገፋው ጥጃ መሄጃ ስለሌለው የማህፀኑ ግድግዳ ሊቀደድ ይችላል። ዴክሳሜታሶን ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ለድካሙም ለእብጠቱም እየተባለ ላገኙት ከብት ይወጋል፤ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወር ላይ ላለች ላም ሲሰጥ ግን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ምጥ ይጠራል፣ እንግዴ ልጁም ብዙ ጊዜ ተጣብቆ ይቀራል። ወሯ ያልገባን ጥጃ ለማዳን ተብሎ ጥጃውን መጨረስ ማለት ነው። ማረጋጊያ ተብሎ የሚቀመጠው ሳይላዚንም ቢሆን ማህፀንን ስለሚያኮማትርና ለጽንሱ የሚደርሰውን ደም ስለሚቀንስ ለከበደች ላም አይመረጥም።

ሐኪሙ ሲደርስ መጀመሪያ የለካው ሙቀትና የልብ ምት ነው። ሙቀቷ 38.9 ዲግሪ፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 84፣ ድዷ ሮዝ፣ ጆሮዋ የሞቀ። ይህ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። የልብ ምቱ ከመቶ በላይ ወጥቶ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ ድዷ ነጥቶ ቢሆን ኖሮ ማህፀኑ ደም አጥቶ መበስበስ ጀምሯል ተብሎ ይጠረጠር ነበር። እንዲህ ያለችን ላም ማገላበጥ ማህፀኗን ሆዷ ውስጥ መቅደድ ነው፤ ያኔ ያለው ምርጫ ቀዶ ሕክምና ወይም ማረድ ይሆናል።

ቀጥሎ እጁን በብልቷ አስገባ። ግድግዳው ልስልስ፣ የማህፀኑ አፍ ዝግ፣ አንድም ጠማማ እጥፋት የለም። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ እጥፋት ካልተገኘ «ደህና ናት» ተብሎ ይወጣል። ጥምዝዙ ከማህፀኑ አፍ በስተኋላ ሲሆን እጥፋቱ እንደ ተጠመዘዘ የእህል ከረጢት አፍ በእጅ ይገኛል፤ ከአፉ በስተፊት ሲሆን ግን በብልት በኩል የሚያስታውቅ ነገር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በፊንጢጣ መግባት ግድ ነው። በዚያ በኩል የተገኘው ግልጽ ነበር። ማህፀኑን ከግራና ከቀኝ አንጠልጥለው የሚይዙት ሁለት ሰፋፊ ጅማቶች ተሻግረዋል፤ የቀኙ በማህፀኑ አናት ላይ ተወጥሮ ወደ ግራ ይሄዳል፣ የግራው ወደ ታች ሰምጧል። ይህ ማለት ማህፀኑ ከኋላ ሲታይ ወደ ግራ ዞሯል ማለት ነው፤ ግምቱ ግማሽ ዙር ያህል ነበር። ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ጥጃውን ጫን ሲያደርገው ጥጃው እግሩን ሰበሰበ፤ በሕይወት አለ።

የላም ማህፀን ለዚህ የተጋለጠው በአሠራሩ ነው። ጅማቶቹ የሚይዙት የኋላውን ክፍል ብቻ ስለሆነ በመጨረሻዎቹ ወራት የከበደው ፊተኛው ክፍል ከሆድ ወለል ላይ ነፃ ሆኖ ይተኛል። ላም ስትነሳ ደግሞ መጀመሪያ ከፍ የሚለው ዳሌዋ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ማህፀኑ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ያን ጊዜ ሌላ ላም በቀንዷ ብትወጋት ወይም እግሯ ቢያዳልጣት ይዞራል። በዋዜማው ውሃ ገንዳው ላይ መገፋፋት እንደነበረ እረኛው ተናግረዋል፤ ድርቁ መኖውን አሳንሶት ስለነበርም ትልቁ ጨጓራ ባዶ ነበር፣ ይህም ለማህፀኑ መወዛወዣ ቦታ ይሰጠዋል።

የማህፀኑ አፍ ዝግ ስለሆነ በእጅ ገብቶ ጥጃውን ይዞ ማዞር አይቻልም፤ የቀረው በጣውላ ማገላበጥ ነው። መርሁ አጭር ነው፤ ማህፀኑን ባለበት ያዘው፣ ላሟን በላዩ አዙራት። ስለዚህ ላሟ ማህፀኑ በዞረበት ጎን ትተኛለች፣ በዞረበትም አቅጣጫ ትገለበጣለች። ማህፀኑ ወደ ግራ ከዞረ በግራ ጎኗ አስተኝቶ እግሮቿን በላይ በኩል አሳልፎ ወደ ቀኝ ጎኗ ማድረስ ነው። በተቃራኒው የሚያደርግ ጥምዝዙን ያጠብቀዋል። አቅጣጫውን ሳያውቁ «አንዱ ይሆናል» ብሎ ግራና ቀኝ ማገላበጥ የተለመደ ነው፤ አንዱ ያላላውን ሌላው ያጠብቃል።

12 ሜትር ገመድ በአንገቷ ላይ በማይጠብቅ ቋጠሮ ታሰረ፤ ከፊት እግሮቿ ኋላ በደረቷ ዙሪያ አንድ፣ ከግቷ ፊት አንድ ቀለበት ተደረገና ወደ ኋላ ሲሳብ ላሟ በቀስታ ተኛች። የኋለኛው ቀለበት ግቱን ወይም ከሆዷ ሥር የሚያልፈውን የወተት ደም ሥር እንዳይጫን ሐኪሙ ራሱ አስተካከለው። የፊት እግሮች ለብቻ፣ የኋላ እግሮች ለብቻ ታሰሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ለመሳቢያ ሁለት ሜትር ያህል ገመድ ተረፈ። አንድ ሰው ጭንቅላቷን ያዘ፣ በየገመዱ ሁለት ሁለት ሰው ቆመ፣ አንድ ሰው ለጣውላው ቀረ። ጣውላው ርዝመቱ ሦስት ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር ነበር።

የመጀመሪያው ግልበጣ አልያዘም። ጣውላው ጎድን አጥንቷ ላይ ስላረፈ ክብደቱ ማህፀኑ ጋር አልደረሰም፤ ላሟ ስትዞር ማህፀኑም አብሯት ዞረ። ይህ የታወቀው ግን ሐኪሙ እጁን መልሶ ስላስገባ ነው፤ «ዞረች፣ በቃ» ተብሎ ቢፈታላት ኖሮ ማንም ልዩነቱን አያይም ነበር። የእግሮቿ ገመድ ላላ ተደርጎ በደረቷ ተቀመጠች፤ ከዚያም በግራ ጎኗ እንደገና ተኛች። እዚህ ላይ በጀርባዋ ወደ ኋላ መመለስ የተገኘ ካለ ያንኑ ማፍረስ ነው። አሁን የጣውላው አንድ ጫፍ ከመጨረሻው ጎድን በኋላ ባለው ሽንጥ ላይ ዋለ፣ ሌላው ጫፍ መሬት ያዘ፤ 65 ኪሎ የሚሆነው ሰው ሽንጧ ላይ ባለው በኩል ቆመና ላሟ በዝግታ በተሳበች ቁጥር እግሩን እያስተካከለ ክብደቱን ከሆዷ ሳያነሳ ቀጠለ። በጀርባዋ ላይ እንዳትቆይ ተጠነቀቁ፤ ሆዷ ውስጥ ያለው መኖ ወደ አፏ ተመልሶ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ለዚህም ነው ጭንቅላቷን የያዘው ሰው አፍንጫዋን ወደ ታች ያዘነበለው።

ሐኪሙ እጁን ሲያስገባ ሁለቱ ጅማቶች በየቦታቸው ነበሩ። ሦስት አራት ጊዜ ተሞክሮ ባይሳካ ኖሮ መቀጠል ትርጉም አልነበረውም፤ ቀጣዩ እርምጃ በግራ ሽንጥ በኩል ቀዶ ሕክምና ነው።

ላሟ ማታውን ድርቆሽ ጀመረች። ዳግም የመዞር ዕድል ስላለ በማግስቱ በፊንጢጣ ተመረመረች፤ ከዚያ በኋላ ብቻዋን በደረቅና ሜዳማ ጉረኖ፣ ሆዷን በሚሞላ ድርቆሽ ቆየች። ሙቀቷ ጠዋትና ማታ ተለካ። ጥጃው ውስጥ ቢሞት ምልክቱ የሚሸት ፈሳሽ፣ የሙቀት መጨመርና መኖ መተው ነው፤ አንዱም አልታየም፣ በወሯም ወለደች።

የማርቢያው ኃላፊ ግን ላሟን ለመሸጥ አስቦ ነበር፤ «አንዴ የታመመች ትደግማለች» ብሎ። ሐኪሙ አልተስማማም። የማህፀን መዞር በአብዛኛው የአጋጣሚ ነገር ስለሆነ ለሽያጭ ምክንያት አይሆንም። ለሽያጭ የጠቆመው በዚያው መንጋ ያለችውን፣ ከመውለዷ በፊት ብልቷ ወደ ውጭ የሚገለበጠውን ላም ነው። ይህ በሚቀጥለው እርግዝና ይደገማል፣ ወደ ልጆቿም ይተላለፋል፤ ጊደሮቿም ለእርባታ እንዳይቀሩ አለ። ለጊዜው ብልቷ ታጥቦ ተመልሶ፣ ለሽንት ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ በሰፊ ጥብጣብ ዙሪያው ተሰፍቷል። የሌሊት ጠባቂውም የት እንደሚቆረጥ ታይቶት መቀስ ተሰጥቶታል፤ ምጥ ከጀመራትና ስፌቱ ካልተፈታ ወይ ብልቷ ይቀደዳል፣ ወይ ጥጃው እዚያው ይሞታል።