ካርዴ ሲያልቅ መልሳ ደወለች

ጌታ ይባረክ። የምጽፈው ከሐዋሳ፣ አቶቴ ካለው ቤታችን ነው። ሳስበው አሁንም እንባ ይቀድመኛልና ነገሬ ቢዘበራረቅ ይቅር በሉኝ።

ባለቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው። ከሳ፤ ሌሊት አንሶላው እስኪረጥብ ያልበው ነበር፤ ግራ ጎኑም አበጠ። አንድ ክሊኒክ ለወራት የወባና የታይፎይድ መድኃኒት ሰጠው። በኋላ ደሙ በደንብ ሲታይ ነጭ የደም ሴሉ 286,000 ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ11,000 ብዙም አያልፍም። ያበጠው ጣፊያው ነበር። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሄደን ሲኤምኤል የሚባል የደም ካንሰር ነው ተባልን። በዓመት ከ100,000 ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው የሚይዘው።

ኢማቲኒብ የሚባል መድኃኒት ተጀመረለት፣ በቀን 400 ሚሊ ግራም። ስንወጣ አንዲት ነርስ የቀጠሮ ካርዳችን ጀርባ ላይ የአንዲት ታካሚ ስልክ ጻፈችልኝ። "እሷም ይሄው ሕመም አለባት። ፈቅዳልኛለች፣ ሲጨንቅሽ ደውይላት" አለችኝ። እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ እግዚአብሔር ብድርሽን ይክፈልሽ። እኔ ግን ካርዱን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከትቼ ረሳሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ያ ሌሊት መጣ።

መብራት ጠፍቷል። ሰባት ሰዓት ግድም በጩኸቱ ነቃሁ። ባቱን ይዞ ይንፈራገጣል። ሻማ ለኩሼ ሳየው ፊቱ የሱ አልመስል አለኝ፤ ዓይኖቹ አብጠው ሊከደኑ ደርሰዋል። የበላውን ሁሉ አስመለሰው። "በቃኝ፣ ከነገ ጀምሮ አልውጥም" አለኝ።

ጓሮ ወጣሁ። አልጸለይኩም። እውነቱን ልናገር፣ ከጌታ ጋር ተጣላሁ። "ስንት ዓመት በመዘምራን ቆሜ አመሰገንኩህ! አታየኝም?" ብዬ ጮህኩበት። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" የሚለው መዝሙረ ዳዊት ከአፌ የወጣው በንዴት ነው። ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ ካርዱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

በሁለተኛው ጥሪ አነሳችው። በዚያ ሰዓት! ማን ነሽ እንኳ አላለችኝም።

"አታልቅሺ የኔ ልጅ። ማነው የታመመብሽ?"

"ባለቤቴ ነው እትዬ፣ ፊቱ..."

"ዓይኑ ዙሪያ ነው ያበጠው? መድኃኒቱ እንደዚያ ያደርጋል፣ እኔንም አድርጎኛል። ትኩሳት አለው? ትንፋሽ ያጥረዋል? የሚደማው ነገር አለ? ሄደሽ ግንባሩን ዳሺው፣ እጠብቅሻለሁ።"

ዳሰስኩት። አያተኩስም፣ ትንፋሹም ደህና ነው፣ ደምም የለም።

"አንዱ ቢኖር ሆስፒታል ሩጪ እልሽ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሲነጋ ለሐኪሙ ንገሩት። አሁን ባቱን በሞቀ ጨርቅ እሺው። ባስመለሰው ምትክ ሌላ እንዳይውጥ። ነገ እራቱን በደንብ በልቶ፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ..."

ካርዴ አለቀ። ጨለማው ውስጥ ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ደወለች።

"ለሱ ስጪው" አለችኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ አጠገቡ አስቀመጥኩት። "ወንድሜ፣ እኔም አንድ ሰሞን ሽንት ቤት ጥየዋለሁ። በራስህ እንዳታቆመው፣ በሽታው ይነሳብሃል። ይሄ መድኃኒት እንደ ፈረንጆቹ 2001 ነው የወጣው። ከዚያ በፊት የታመሙት ይህን አላገኙም።"

እሱ ዝም አለ። ቆይቶ "ልጆቼ ላይ ይተላለፋል?" አላት። እኔን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል።

"አይተላለፍም። በዘር የሚወረስ አይደለም።"

ባለቤቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ ዶሮ እስኪጮህ አልዘጋችም። እኔ በአንድ ሌሊት ፈውሰው ብዬ ነበር የለመንኩት። ጌታ የላከልኝ ግን በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ድምፅ ነው። በመከራ ያሉትን ማጽናናት እንድንችል እርሱ ያጽናናናል የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼው ነበር!

ስድስት ወር አለፈ። ነጭ የደም ሴሉ 6,400 ገባ። መድኃኒቱን በየማታው ይውጣል፤ ባጃጁንም ይነዳል። ክብር ለጌታ ይሁን!

ባለፈው ጥቁር አንበሳ ወረፋ ላይ ቆመን ከኋላዬ ያን ድምፅ ሰማሁት። ከአዳማ መድኃኒቷን ልትወስድ መጥታ ነው። ዞር አልኩ። በድምፅ እንጂ በመልክ አላውቃትም። ዓይኖቿ ሥር አብጧል፣ ልክ እንደ ባለቤቴ። "እትዬ" ብዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።