ከወንድሜ አንገት ኋላ

ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፤ ሐይቅ ከእናታችን ጋር ይኖራል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ትኩሳት ያዘው፤ ጉሮሮው ምራቅ እንኳ አላስውጥ አለው። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ አጠጣችው። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ አሉ። እኔ ደሴ ሆኜ በስልክ «እንዳታስነኩት!» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ምላጭ ደሙ አልቆም ያለው ልጅ ስንት ነው!

ክሊኒክ ወሰዱት። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ተሠራለትና «ታይፎይድ» ተባለ፤ ለጉሮሮውም አሞክሳሲሊን የተባለው የፔኒሲሊን ዘር አንቲባዮቲክ ተጨመረ። በ6ኛው ቀን ኩፍኝ የመሰለ ሽፍታ ከደረቱ እስከ እግሩ ወረሰው። «ልጄ፣ መድኃኒቱ ገላውን አነደደው» ብላ እናቴ እያለቀሰች ደሴ ይዛው መጣች።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። አንገቱን ስዳብሰው ንፍፊቱ ከመንጋጋው ሥር ብቻ አልነበረም፤ ከጆሮው ኋላ ወደ ትከሻው እንደ ሽምብራ ተደርድሯል። የባክቴሪያ ቶንሲል ሲሆን የሚያብጠው አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት ያለው ነው። ደሙን በማይክሮስኮፕ ሳየው የወባ ተውሳክ የለም። ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግን ገዝፈዋል፣ ጠርዛቸው ጠቁሮ ሰማያዊ ሆኗል፣ አጠገባቸው ያለውን ቀይ የደም ሴል እንደ ሊጥ ተጣብቀው ከበውታል። ሐኪሙ ግራ ጎኑን ሲዳስስ ጣፊያው አብጧል።

ሞኖኑክሊዮሲስ ነበር፤ በምራቅ የሚተላለፈው የኤፕስታይን ባር ቫይረስ የሚያመጣው። በዚህ ቫይረስ ለተያዘ ሰው አሞክሳሲሊን ሲሰጥ ሽፍታው ብዙ ጊዜ ይወጣል። ኤች አይ ቪም አስመረመርነው፤ ገና በተያዙበት ሰሞን ልክ እንዲህ ሆኖ ሊጀምር ይችላልና። ነፃ ነው፤ በዚያ ሰሞን በምርመራ ቶሎ ላይታይ ስለሚችል ከ3 ወር በኋላ ደገምነው።

የሚቆጨኝ ዊዳሉ ነው። ድሮ ታይፎይድ የያዘውም፣ ሌላ ሕመም ያለበትም ሰው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ በሽታውን አያረጋግጥም። እኔ ራሴ ስንቱን ፖዘቲቭ ብዬ ጽፌ ሰጥቻለሁ። አሁን ጉሮሮውንና አንገቱን ያመመው ወጣት ሲመጣ፣ ሳልጠየቅም የደሙን ስላይድ በማይክሮስኮፕ አያለሁ።

ካርዱ ላይ «የፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ሽፍታው ከቫይረሱ ጋር የመጣ እንጂ እውነተኛ አለርጂ ላይሆን ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሰርዞ «ሲያገግም ይጣራ» አለበት። ነገ ስትሬፕ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው እውነተኛው ቶንሲል ቢይዘው፣ ልቡን ከሪህ ትኩሳት የሚጠብቅለት ያው ፔኒሲሊን ነውና።

ጣፊያው እንዳይፈነዳ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ኳስ ተከለከለ። እናቴ ኳሱን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረችው።